የጀርመን የኃይል ሽግግር እና የማህበረሰብ ኃይል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኃይል ሽግግር ከከሰልና ከኒውክሌር ወደ ፀሐይና ነፋስ መሻገር ነው፤ የማህበረሰብ ኃይል ደግሞ ነዋሪዎች ተባብረው ባለቤት የሆኑበት ማመንጫ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሽግግሩን የጀመሩት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው።»

አይደሉም። ከቼርኖቤል የኒውክሌር አደጋ በኋላ የተደራጁት፣ በደቡብ ጀርመን ያለችው የትንሿ ሾናው ከተማ ነዋሪዎች በ1997 የከተማቸውን የኤሌክትሪክ መረብ እስከ መግዛት ደረሱ። በ2000 የወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ ደግሞ ከፀሐይና ከነፋስ ለሚመነጭ ኤሌክትሪክ ለ20 ዓመት የማይዋዥቅ ክፍያ አስቀመጠ። ገቢው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ባንኮች ለገበሬም ለኅብረት ሥራ ማህበርም ለማበደር ደፈሩ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያኔ ልባቸው ከከሰልና ከኒውክሌር ጋር ነበር።

«የማህበር አባል መብራት በነፃ ያገኛል።»

ብዙውን ጊዜ አያገኝም። ማህበሩ ያመነጨውን ይሸጣል፤ አባሉ የትርፍ ድርሻውን ይወስዳል፣ የመብራት ሂሳቡን ግን እንደ ማንም ይከፍላል።

«ጨረታ ሁሉንም እኩል ያያል።»

ከ2017 ጀምሮ የአብዛኞቹ ትልልቅ ማመንጫዎች ክፍያ በጨረታ ይወሰን ጀመር፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ወጪው ግን የሚጀምረው ከጨረታው በፊት ነው፦ የነፋስ ልኬት፣ የአእዋፍ ጥናት፣ የፈቃድ ሂደት። ብዙ ፕሮጀክት ያለው ኩባንያ በአንዱ ቢሸነፍ በሌላው ያካክሳል። አንድ ፕሮጀክት ብቻ ያለው ማህበር ከተሸነፈ ግን የአባላቱ ገንዘብ ውሃ በላው።

«በ2017 ማህበረሰቦች ጨረታውን ጠራርገው ስለወሰዱ ወደ ጨረታ የተደረገው ለውጥ አልጎዳቸውም።»

ቁጥሩ እውነት በመሆኑ ከሁሉም የሚያሳስተው ይህ ነው። በመጀመሪያው የየብስ ነፋስ ጨረታ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን መጠን ያሸነፉት «የዜጎች ኃይል» ተብለው የተመዘገቡ ድርጅቶች ናቸው። ሕጉ ለእነሱ ልዩ መብቶች ሰጥቶ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል፦ የግንባታ ፈቃድ ሳይዙ መወዳደርና ለመገንባት 54 ወር መቆየት፤ ለሌሎች 30 ወር ነበር። መስፈርቱ ደግሞ ቀላል ነበር፤ ድምፅ ያላቸው አሥር ግለሰቦች፣ አብዛኛው ድምፅ በአካባቢው ነዋሪዎች እጅ፣ የማንም ድርሻ ከ10 በመቶ የማይበልጥ። አሥር ሰው መሰብሰብ ለማን ይከብዳል? ከብዙዎቹ አሸናፊዎች ጀርባ የነበሩት ልምድ ያላቸው አልሚ ኩባንያዎች ናቸው። ያለፈቃድ መወዳደር በ2018 ታገደ፤ ካሸነፉት ፕሮጀክቶች አብዛኞቹም አልተገነቡም። እውነተኛዎቹ ማህበራት በሁለት በኩል ተመቱ፦ ቦታቸውን ሌላ ወሰደው፣ ስማቸውም አብሮ ተነካ።

«ማህበረሰቦች አሁን ከጨረታ ነፃ ስለሆኑ ችግሩ አልቋል።»

ከ2023 ወዲህ የማህበረሰብ ፕሮጀክቶች በነፋስ እስከ 18 ሜጋ ዋት፣ በፀሐይ እስከ 6 ሜጋ ዋት ያለ ጨረታ መሥራት ይችላሉ። መስፈርቱም ጠብቋል፤ ቢያንስ 50 ሰዎች፣ 75 በመቶው ድምፅ በአካባቢው ነዋሪዎች እጅ። ጥሩ ነው፣ የቀድሞውን ቀዳዳ ይደፍናል። የፈቃዱና የጥናቱ ወጪ ግን አሁንም ከግንባታው በፊት ይመጣል።