ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰሜን ሸዋ፦ ከጠላ ጋን እስከ ለሚ የኖራ ድንጋይ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ የካርቦንና ከሁለት የኦክስጅን አቶሞች የተገነባ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። በተራ የአየር ግፊት ቢቀዘቅዝ ፈሳሽ አይሆንም፤ ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በቀጥታ ይጠጥራል፣ ደረቅ በረዶ የሚባለውም ይኸው ነው። ስሙ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ተጣብቆ ስለቀረ ብዙ ሰው የጭስ ማውጫ ቆሻሻ አድርጎ ብቻ ያየዋል። በሰሜን ሸዋ ግን ፋብሪካ ሳይታሰብ ጓዳ ውስጥ ነበር።

የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን እየተመገቡ ይህን ጋዝ ይለቃሉ፤ ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚህ ነው። አብሲት ሲጣልበት የበሰለው ስታርች ሊጡን ስለሚያወፍረው ጋዙ በቀላሉ አያመልጥም። ምጣድ ላይ ሲሰፋ አረፋዎቹ በሙቀት አብጠው ወደ ላይ ይፈነዳሉ፤ የእንጀራ ዓይን የጋዙ መውጫ ቀዳዳ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ሊጥ ለመቡካት ጊዜ ይወስዳል፣ ተሕዋስያኑ ሙቀት ይወዳሉና።

ጠላና አረቄም ከዚሁ ሂደት ይወለዳሉ። 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲቦካ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ከስኳሩ ክብደት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አየር ላይ ይበተናል ማለት ነው። አረቄ አውጪዋ አልኮሉን ይዛ ጋዙን ትለቃለች፤ ዘመናዊ ቢራ ጠማቂዎች ግን ጋዙን ሰብስበው፣ አጥርተውና ጨምቀው መልሰው ከቢራው ጋር ያሽጉታል። ደብረ ብርሃን በአረቄዋም በቢራ ፋብሪካዎቿም የምትታወቅ በመሆኗ ሁለቱንም መንገዶች ታሳያለች።

ከተማዋ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። ጋዝ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ የሚቆየው ግፊት እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ ያው ጠርሙስ እኩል ቢቀዘቅዝም ደብረ ብርሃን ላይ ሲከፈት ቆላማዋ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚከፈተው ይልቅ አረፋው ይበረታል። አስተናጋጁን መውቀስ አያስፈልግም።

ድንጋዩም ጋዝ ያዘለ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ኖራ ይቀራል፤ ከአንድ ቶን ንጹሕ ድንጋይ 440 ኪሎ ግራም ጋዝ ይወጣል። በእንሳሮ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው በዚህ ድንጋይ ላይ ነው። የሲሚንቶ ልቀት ከነዳጁ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ምድጃው በንጹሕ ኤሌክትሪክ ቢነድ እንኳ ድንጋዩ የያዘውን መልቀቁ አይቀርም። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1750ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋዙን ሲያጠና ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ ኖራ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሙከራም ከዚያ የራቀ አይደለም፦ ጥርት ባለ የኖራ ውሃ ውስጥ በቀጭን ቱቦ እፍ ሲባል ውሃው ወተት ይመስላል፤ ከምናስወጣው ትንፋሽ አራት በመቶ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና።

ዕፅዋት ይህንኑ ጋዝ ምግባቸው ያደርጉታል፣ ሁሉም ግን በአንድ መንገድ አይደለም። የመንዝ ገብስና ስንዴ በቀጥታ ሲወስዱት፣ የምንጃር ጤፍና የቆላው ማሽላ አስቀድመው ቅጠላቸው ውስጥ ያጠራቅሙታል። አየር ውስጥ ያለው መጠን ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረው ከሚሊዮን 280 እጅ ወደ 420 እጅ ገደማ ከፍ ማለቱ በዚህ ምክንያት ለገብስ እንጂ ለጤፍ ብዙም ጥቅም የለውም፤ ድርቅና ሙቀት ግን ለሁለቱም ይደርሳቸዋል።

ጋዙ የማይቃጠልና እሳት የሚያፍን በመሆኑ በእሳት ማጥፊያ ውስጥ ይገባል። ጥቁር ጡሩምባ ያለው ቀይ ሲሊንደር ለኤሌክትሪክ እሳት ይመረጣል፤ ዕቃውን አያረጥብም። ሲለቀቅ ጡሩምባው በረዶ ስለሚሠራ በባዶ እጅ መያዝ ቆዳ ያቆስላል።

አደጋው የሚመጣው ከተዘጋ ቦታ ነው። በጉድጓድ የተከተተ እህል ሲተነፍስ ኦክስጅኑን ጨርሶ ጋዙን ከታች ያከማቻል፤ ጉድጓዱ ተከፍቶ በደንብ ሳይናፈስ የገባ ሰው ራሱን ይስታል፣ ሊያወጣው የሚወርደውም እንዲሁ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት የሚገድለው ግን በዋናነት በሌላ ጋዝ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ሲበዛ ትንፋሽ ያጣድፋል፣ ሰውን ያስነሳል፤ ሞኖክሳይድ ትንፋሽ ሳያጣድፍ ያስተኛል።