ቀዶ ሕክምና ክፍል ስለገባው የሌዘር ማይክሮስኮፕ የሚባለውና እውነታው

የአንጎል ዕጢ የሚያወጣ ሐኪም ገና እየሠራ ማወቅ የሚፈልገው ነገር አለ፦ ይሄ የቆረጥኩት ምንድን ነው? በተለመደው መንገድ ናሙናው ላብራቶሪ ይሄዳል፤ በቅዝቃዜ ይጠነክራል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ይነከራል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አሁን ግን በፋይበር ሌዘር የሚሠራ፣ በጋሪ የሚገፋ ማይክሮስኮፕ እዚያው ክፍል ውስጥ ምስሉን ያወጣል። ስለሱ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«ሌዘሩ አንጎልን ያቃጥላል»

ሌዘሩ በሽተኛው ላይ አያርፍም። የሚያርፈው ተቆርጦ በወጣ፣ በሁለት መስታወት መሃል በተጫነ ትንሽ ናሙና ላይ ነው። ያው ናሙና በኋላ ለመደበኛው የላብራቶሪ ምርመራ ይተርፋል።

«እንዲህ ያለ ሌዘር ከትልቅ ላብራቶሪ አይወጣም»

ድሮ እውነት ነበር። ብርሃኑ በአየር ላይ ከመስታወት ወደ መስታወት ስለሚሄድ፣ አንዷ መስታወት ትንሽ ከተነቃነቀች ሥራው ይበላሻል። ፋይበር ውስጥ ግን ብርሃኑ በቀጭን የመስታወት ክር ታጥሮ ይጓዛል፤ ጋሪው ቢገፋም መንገዱን አይስትም። ችግሩ ሌላ ነበር፦ የፋይበር ሌዘር ጉልበቱ ይዋዥቃል፣ ከናሙናው የሚፈለገው የብርሃን ምልክት ደግሞ እጅግ ደካማ ነው። መፍትሔው ደስ ይላል። ከጨረሩ ጥቂቱን ናሙናው ጋ ሳይደርስ ቆንጥረው ለብቻው ይለካሉ፤ ከዚያ የጋራውን መዋዠቅ ቀንሰው ያወጡታል።

«በምስሉ ላይ የሚታየው ሐምራዊና ሮዝ ቀለም የናሙናው ነው»

አይደለም፤ ቀለሙን የሚቀባው ኮምፒውተሩ ነው። ናሙናው ምንም አልተነከረም። ሌዘሩ የሚያነበው የሞለኪውሎችን ንዝረት ነው። ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካራ ራማን በ1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ክስተት መሠረቱ ነው። ቅባት በአንድ ንዝረት ይደምቃል፣ ፕሮቲን በሌላ። ሁለቱ ምስሎች ሲቀናነሱ ቅባት የሌለው የሕዋስ አስኳል ጎልቶ ይወጣል። ቀለሙ የተመረጠው የፓቶሎጂ ሐኪሞች (ናሙናን በማይክሮስኮፕ አይተው በሽታውን የሚለዩት) ዓይን የለመደው ስለሆነ ነው። ይሄ ማታለል አይደለም፤ ግን ምስሉን የሚያይ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

«የሰውነትን ውስጥ ያሳያል፣ ኤምአርአይን ይተካል»

አይተካም። የሚያየው የቀረበለትን ቁራጭ ብቻ፣ ያውም ላይ ላዩን ነው። ከተሳሳተ ቦታ የተወሰደ ናሙና የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

«ከእንግዲህ ፓቶሎጂስት አያስፈልግም»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት 278 ታካሚዎች ተካተው ነበር። ምስሉን ያነበበው የኮምፒውተር ፕሮግራም 94.6 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ የሠሩት ፓቶሎጂስቶች 93.9 በመቶ ትክክል ሆኑ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆማል። ፕሮግራሙ የሳታቸውና ሐኪሞቹ የሳቷቸው ናሙናዎች ግን የተለያዩ ነበሩ። አንዱ ሲስት ሌላው ያገኘዋል፤ ስለዚህ አንዱን ማስወጣት ኪሳራ ነው። የመጨረሻው ውጤት ደግሞ ዛሬም የሚወጣው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ናሙናው በላብራቶሪ በደንብ ከተመረመረ በኋላ ነው።