የሕዝቅያስ በለስ፦ በሕመምና በሕክምና ላይ ላሉ ምእመናን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተኝቶ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ እንደሚሞት፣ ቤቱንም እንዲያስተካክል ነገረው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፤ ምርር ብሎም አለቀሰ። ነቢዩ ከግቢው ሳይርቅ ሌላ ቃል መጣለት። ጸሎቱ ተሰምቷል፣ እንባው ታይቷል፣ በሦስተኛው ቀን ወደ እግዚአብሔር ቤት ይወጣል፣ በዕድሜው ላይም 15 ዓመት ይጨመርለታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ነገር ግን ኢሳይያስ ይህን ሁሉ ተስፋ ከተናገረ በኋላ አንድ ትእዛዝ አከለ፤ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጣና በእባጩ ላይ አስደረገለት። ንጉሡም ዳነ (2ኛ ነገሥት 20፥1-7)።

በሊምፎማ ታምሜ በታከምኩባቸው ወራት ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ምዕራፍ ነው። በቃሉ ብቻ ማዳን የሚችል አምላክ «እፈውስሃለሁ» ካለ በኋላ በለስ አዘዘ። የበለሱ መታዘዝ የተስፋውን ቃል አላሳነሰውም፤ ሕዝቅያስም «አምላኬ ተናግሮ ሳለ ጥፍጥፍ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ አልመለሰም። ዛሬ በመካከላችን ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ፣ በዚህም ምክንያት መድኃኒታቸውን አቋርጠው የሚሞቱ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ይህን ትምህርት የምጽፈው ለእነርሱና ለመካሪዎቻቸው ነው።

ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል፤ ሳያውቁት የሚዘገዩ ብዙ ናቸውና። ሊምፎማ ከነጭ የደም ሴሎች ወገን ከሆኑት ከሊምፎሳይቶች የሚነሣ ካንሰር ነው። ሆጅኪን እና ሆጅኪን ያልሆነ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ላይ በሚወጣ፣ እኛ ንፍፊት በምንለው እብጠት ነው። እብጠቱ በአብዛኛው አያምም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ከዚያ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ሊከተል ይችላል። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ የተለመደ ስለሆነ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ካልተመረመረ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ለሳምንታት አልጠፋ ያለ እብጠት ያለው ሰው ይህን ካነበበ «ናሙና ይወሰድልኝ» ብሎ ይጠይቅ። በተለይ ሆጅኪን ሊምፎማ በሕክምና የመዳን ተስፋቸው ከፍ ካለው ካንሰሮች አንዱ ነው፤ በጊዜ ተደርሶበት ሕክምናው እስከ መጨረሻው ከተወሰደ።

ሐዋሳ ለታመመ ሰው ጠያቂ የማይጠፋባት ከተማ ናት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ያልመጣ ዘመድ፣ ያልመጣ ጎረቤት፣ ያልመጣ የማኅበር ጓደኛ አልነበረም። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ግን በቅን ልብ ከባድ ሸክም ጥለውብኝ ይሄዱ ነበር። «መርፌውን ትተሽ ጸበሉን ብቻ ብትይዢ እምነትሽ ሙሉ ይሆን ነበር» ይሉኛል። ማስረጃቸውም ንጉሥ አሳ ነው፤ እግሩን በታመመ ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ተብሎ የተጻፈለት (2ኛ ዜና 16፥12)። ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ላነበበ ግን የአሳ በደል ግልጽ ነው። አስቀድሞ በእግዚአብሔር ፋንታ በሶርያ ንጉሥ ታመነ፤ ስለዚህ የገሠጸውን ነቢይ አሰረ፤ ሲታመምም ልቡን አልመለሰም። የተወቀሰው እግዚአብሔርን ባለመፈለጉ ነው። ሕዝቅያስ ሁለቱንም አደረገ፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ፣ በለሱንም ተቀበለ። ደግሞም ገንዘቧን በባለ መድኃኒቶች ስለጨረሰችው፣ 12 ዓመት ደም ስለፈሰሳት ሴት ይጠቅሱልኛል። ጌታ «ለምን ወደ እነርሱ ሄድሽ?» ብሎ ገሠጻትን? «ልጄ ሆይ» አላት እንጂ። ታሪኳን ከጻፉልን ወንጌላውያን አንዱም ሐኪሙ ሉቃስ ነው።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ከዚህ የበለጠ ይናገራል። ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ መድኃኒትንም ከምድር አወጣ፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ይላል። ይህን ቃል ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ የሚገባልኝን መድኃኒት ምንነት ሳጠና ግን ቃሉ ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኘሁት። ለሆጅኪን ከሚሰጡት አራቱ መድኃኒቶች መካከል ቪንብላስቲን የተገኘው ከማዳጋስካር ከመጣ አበባ ነው። ዶክሶሩቢሲን በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን የባክቴሪያው ዘር የተወሰደው በደቡብ ጣሊያን ካስቴል ዴል ሞንቴ ከሚባል ጥንታዊ ግንብ አካባቢ ካለ አፈር ነው። ብሊዮማይሲንም እንዲሁ ከአፈር ባክቴሪያ በጃፓን ተገኘ። ዳካርባዚን ብቻ በቤተ ሙከራ የተቀመመ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ከምድር! ሲራክ ይህን ሲጽፍ ማይክሮስኮፕ አልነበረም።

ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው፤ ታካሚዎች «ቀዩ» እንለዋለን። ነርሷ በስሪንጅ ይዛው ከአጠገቤ ተቀምጣ ቀስ እያለች ትገፋዋለች፤ ከደም ሥር ቢያመልጥ ሥጋን ስለሚጎዳ ዓይኗን ከእጄ ላይ አታነሣም። በየመካከሉ «ያቃጥልሻል?» ትለኛለች። ያን ቀን ሽንት ይቀላል፤ ምራቅ ብረት ብረት ይላል፤ ከሳምንታት በኋላ ፀጉር በትራስ ላይ ይቀራል። በዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ረጅም ጸሎት መጸለይ አልችልም ነበር። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት እችል ነበር፤ እርሱንም እቆጥርበት የነበረው ከግሉኮስ ጠብታው ጋር ነው። ሕዝቅያስ በመዝሙሩ በሕመሙ ጊዜ እንደ ወፍ እንደ ተንጫጫ፣ እንደ ርግብ እንዳጉረመረመ ይናገራል (ኢሳይያስ 38፥14)። ንጉሥ ነው፤ መዝሙር ያውቃል፤ በሕመሙ ቀን ግን የወፍ ድምፅ ብቻ ቀረው። እርሱም ተሰማለት። በሕክምና ላይ ያላችሁ፣ የጸሎት መጽሐፍ መግለጥ ስላቃታችሁ አትዘኑ።

እናቴ ማታ ማታ የቅዱስ ገብርኤልን እምነት አንገቴን ትቀባኛለች። ጠዋት በዚያው እጇ የቀጠሮ ካርዴን ይዛ ቀድማኝ ወጥታ ባጃጅ ታስቆማለች። ስለ ጸበልና ስለ ሕክምና ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ አስተምራለች፤ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። የሊምፎማ እብጠት ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ዙሮች በኋላ ብዙ ጊዜ በፍጥነት ይሟሽሻል። አንገት ይለሰልሳል፤ ላቡ ይቆማል፤ ምግብ ይጣፍጣል። በዚህ ጊዜ «ተፈወስሁ» ብሎ የቀረውን ዙር መተው ይመጣል፤ ገንዘብ ያለቀበት፣ መርፌው የመረረው፣ ሕልም ያየ ሰውም ሁሉ በዚህ በር ይወጣል። በእጅ የማይዳሰሰው በሽታ ግን ውስጥ አለ፤ ሲመለስም ከቀድሞው ይልቅ ለማከም ይከብዳል። በመካከል የሚሰማህን መሻል ለአምላክህ አመስግንበት፤ ቀጠሮህን ግን አትቅር።

ሌሎችም መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። መድኃኒቱ በተወሰደ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነጭ የደም ሴሎች ዝቅ ይላሉ። በዚያ ጊዜ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው፤ እስኪነጋ መጠበቅ ነፍስ ያስከፍላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከየአገሩ ምእመን ወደ ሐዋሳ ገብርኤል ሲጎርፍ በዚያ ግፊያ መካከል መቆም ለእንዲህ ያለ ታማሚ አይመከርም፤ ሕዝቡ ሳይበዛ በሌላ ቀን ሄዶ መሳለም ይቻላል። ሐኪም ውኃ አፍልተህ ጠጣ ካለህ ስለ ጸበሉ አወሳሰድ ለንስሓ አባትህ በግልጽ ንገር። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የአሞራ ገደል ገበያ ጥሬ ዓሣና ጥሬ ክትፎ ለጊዜው ይቅሩ፤ የዓሣ ሾርባው በደንብ ፈልቶ ይጠጣ። ስለ ጾም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። ሆጅኪን ላልሆነው ሊምፎማ የሚሰጠው የፕሬድኒሶሎን እንክብል ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ መቆየት አይቻልም። የእኔ ንስሓ አባት ገና ሳልጠይቃቸው «ሐኪሙ ብዪ ያለሽን ብዪ፤ ጾሙን እኔ እይዝልሻለሁ» አሉኝ። እንዲህ ያሉ አባቶችን ያብዛልን።

ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩት መካከል ያረፉ አሉ። ከእኔ ይልቅ የሚጸልዩ ነበሩ። ስለዚህ «አምኜ ነው የዳንሁት» ማለት አልችልም፤ እንዲህ ካልሁ እነርሱን ያላመኑ አደርጋቸዋለሁ። የልብሱ ቁራጭ እንኳ ሕሙማንን ይፈውስ የነበረው ቅዱስ ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄደ (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)። በታኅሣሥ 19 የምናከብራቸው ሠለስቱ ደቂቅም ንጉሡን «አምላካችን ሊያድነን ይችላል» ካሉት በኋላ «ባያድነን እንኳ» የሚል ቃል ጨመሩ። እምነታቸው እሳቱ ሳይነካቸው ከመውጣታቸው በፊት፣ በዚያች ቃል ውስጥ ሙሉ ነበረ።

ሐኪሙ የመጨረሻውን ሲቲ ስካን አይቶ «በሽታው አይታይም» ያለኝ ቀን ወዳጆቼ ወዲያው በጉባኤ እንድመሰክር ፈለጉ። ደስ አለኝ፤ ክትትሉ ግን ለዓመታት እንደሚቀጥል ተነግሮኝ ነበር፤ ሆጅኪን የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነውና። «ከተፈወስሽ ምርመራው ለምን?» ላሉኝ የሰጠሁት መልስ ከሉቃስ 17 ነው። ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች «ሄዳችሁ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» አላቸው። በኦሪት ለምጻም ነጽቷል የሚባለው በካህን ዓይን ተመርምሮ ነው። ፈዋሹ ራሱ ወደ ምርመራ ላካቸው። ስለዚህ በየቀጠሮዬ ስሄድ እምነቴን ቤት ጥዬ አልሄድም። ከዘጠኙ አንዱ እንዳልሆን ብቻ እሰጋለሁ።

ሕዝቅያስም ከዳነ በኋላ ተሰናክሏል። ስለ መፈወሱ ሰምተው ከባቢሎን መልእክተኞች መጡለት። ብሩን፣ ወርቁን፣ ሽቱውን፣ የጦር ዕቃውን ሁሉ አሳያቸው፤ ስለ ፈወሰው አምላክ የነገራቸው ነገር ግን አልተጻፈም። መጽሐፍ እንደ ተደረገለት ቸርነት መጠን አላደረገም፣ ልቡ ኮርቶ ነበር ይላል (2ኛ ዜና 32፥25)። ከሕመም የተነሣን ሰዎች ሰው ሁሉ ይጠይቀናል፤ ስንጠየቅ ጽናታችንን፣ የታከምንበትን ብር፣ ያወቅነውን ሐኪም መዘርዘር ይቀናናል።

የተጨመረልን ዕድሜ በምን ይለካ? እኔ በበኩሌ በመድኃኒት ቀን ብቻውን የሚቀመጥ ታካሚ እንዳይኖር እፈልጋለሁ። ከዲላ፣ ከይርጋለም፣ ከወላይታ ሶዶ ለሕክምና ወደ ሐዋሳ የሚመጡ ምእመናን ማደሪያ ይቸግራቸዋል። የየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤትና የጽዋ ማኅበራት፣ ትርፍ ክፍል ያላቸውን ምእመናን መዝግባችሁ ለሰበካ ጉባኤያችሁ ስጡ። ጤነኞች ሁናችሁ ደም መስጠት የምትችሉ ስጡ፤ በሕክምናው ወቅት ደም የሚያስፈልጋቸው ብዙ ናቸው። ልትጠይቋቸው ስትሄዱ ጉንፋን ካለባችሁ በስልክ ይሁን፤ ደህና ከሆናችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ፤ የሚበላ ትኩስ ነገር ያዙ፤ መድኃኒቱን ተዉ አትበሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።