ደሙን አትደብቁት፦ የፊኛ ኦፕራሲዮን ለሚጠብቁ ወገኖች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በእኛ በድሬ ሰው ሽንቱ ላይ ደም ሲያይ መጀመሪያ የሚለው «ብርድ መትቶኝ ነው» ነው። በድሬ ሙቀት ብርዱ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው። ቀጥሎ ቀይ ሥር መብላቱን ያስታውሳል፤ ቀይ ሥርም በእርግጥ ሽንት ያቀላል። ከዚያ ሽንቱ ሲጠራለት «ተመስገን» ብሎ ይረሳዋል። የፊኛ ካንሰር አመጣጡ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ደሙ ሕመም የለውም፤ ይታያል፣ በራሱ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይመለሳል። ሌላው ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማጣደፍና ማቃጠል ስለሆነ በኢንፌክሽን መድኃኒት ሲታከሙ የሚከርሙ አሉ።

ደም ሲፈስሳት 12 ዓመት የኖረችውን ሴት አስቡ። ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ጨርሳ፣ ከኋላ መጥታ፣ ልብሱን ብቻ ዳስሳ ልትሄድ ነበር። ደሙም ወዲያው ቆሟል። ጌታ ዝም ብሎ ቢያሰናብታት ማን ያውቅ ነበር? የኢያኢሮስ ልጅ ልትሞት ተቃርባለች፤ ሕዝቡ እየተጋፋ ነው፤ እርሱ ግን ቆሞ ማን እንደዳሰሰው ጠየቀ። እርሷም እየፈራች እየተንቀጠቀጠች መጥታ በፊቱ ተደፋች፤ ወንጌላዊው ማርቆስ «እውነቱንም ሁሉ ነገረችው» ይላል (ማር. 5፥33)። «ልጄ ሆይ» የሚለውን ቃል የሰማችው ከዚህ በኋላ ነው። መንቀጥቀጧን ሲነቅፍባት አናነብም። ፈርታ እውነቱን መናገሯ ከእምነቷ ተቆጥሮላታል።

እኛ ግን እውነቱን ከፋፍለን ነው የምንናገረው። ለንስሐ አባታችን ሲጋራውን እንናዘዛለን፤ ሐኪሙ «ታጨሳለህ?» ሲለን «ኧረ የለም» እንላለን። በበርጫ ላይ ብቻ የሚጨስም ሲጋራ ነው። የጭሱ መርዝ በሳንባ ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት አጣርቶ ወደ ፊኛ ይልከዋል፤ እዚያ ከሽንቱ ጋር ለሰዓታት ይቀመጣል። ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከማጨስ ጋር የሚያያዘው በዚህ ምክንያት ነው። አሁንም ማቆም ይጠቅማል፤ ለማደንዘዣውም፣ በሽታው እንዳይመለስም። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እናቶችም ስለሚታመሙ ግን ማንም ተነስቶ «ይህ የኃጢአትህ ውጤት ነው» አይበል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ያሉት ደቀ መዛሙርት የተሰጣቸውን መልስ እናውቃለን።

ስለ ስለት በግልጽ ልናገር። «የታኅሣሥ ገብርኤልን ቁልቢ ተሳልሜ ልምጣና ከዚያ እታከማለሁ» የሚሉ አሉ። ቀጠሮው ከክብረ በዓሉ በኋላ ከሆነ መልካም፤ ሂዱ፣ ተሳለሙ። የሐኪም ቀጠሮ አስተላልፎ መሄድን ግን እምነት ብዬ ለመጥራት አልደፍርም። ቁልቢ ታኅሣሥ 19 ቢያመልጥ ሐምሌ 19 አለ፤ በፊኛ ግድግዳ ላይ የበቀለው ነገር ግን በዓል አይጠብቅም። ወደ ጡንቻው ከገባ ሕክምናው ይከብዳል፤ ፊኛውን እስከ ማውጣት ሊያደርስ ይችላል። ደግነቱ በአብዛኛው ሰው የሚገኘው ገና ጡንቻውን ሳይነካ ነው።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። ይህን የተናገረው ያው ነቢይ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (2 ነገ. 20)። ተስፋው ከሰማይ፣ መድኃኒቱ ከበለስ፤ ንጉሡ አንዱን መርጦ ሌላውን አልጣለም።

ደግሞም ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የዳኑበትን ነው። ንጉሡ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ብለው አላበቁም፤ «ባያድነንም» ብለው ቀጠሉ (ዳን. 3፥18)። «ድኛለሁ በሉ፣ አትጠራጠሩ» እያሉ ታማሚን የሚያስጨንቁ ወገኖች ይህችን ቁጥር ቀስ ብለው ቢያነቧት እወዳለሁ። ውጤቱን ሳታውቁ መግባት ትችላላችሁ። «በፈራሁ ጊዜ በአንተ እታመናለሁ» ያለው ዳዊት ፈርቶ ነበር።

ቀጠሮ ስትጠብቁ ቀኑ ረጅም ነው፤ ሌሊቱ ይብሳል። ሽንት እየቀሰቀሳቸው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። በእኛ ሙቀት ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁርና ፊኛውን ይበልጥ ያቃጥለዋል። ሐኪም ካልከለከላችሁ ቀን ላይ ደህና አድርጋችሁ ጠጡ፤ ወደ መኝታ ሰዓት ቀንሱ፤ ቡናና ሻይ የሚያባብስባችሁ ከሆነ ተዉት። በተነሣችሁ ቁጥር አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ድገሙ። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ የረጋ ደም ከበዛ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ቅዳሴ ላይ መቆም ያቃታችሁም በር አጠገብ ቁሙ፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ እንጂ አፍራችሁ ቤት አትቅሩ። የቁርባኑን ነገርም ለብቻችሁ አትወስኑ፤ እሳቸውን ጠይቁ። ከሄዳችሁ አይቀር ጸሎተ ቀንዲል፣ ማለትም ለታመመ ሰው ዘይት እየተቀባ የሚጸለየው ጸሎት፣ እንዲደረግላችሁ ለምኑ፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ቀሳውስትን ጥሩ ያለው ለታመመ ሰው ነው፤ የግድ እስክንጣጣር መጠበቅ የለብንም።

ኦፕራሲዮኑ ብዙ ጊዜ ሆድ ሳይቀደድ፣ በሽንት መውጫው በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ይሠራል፤ እባጩ ይፋቅና ናሙናው ለምርመራ ይላካል። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሥራ ሥርም የምትጠጡ፣ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ። በዕለቱ ጠዋት «ምንም እንዳትቀምሱ» ከተባላችሁ ጸበልም ይጨምራል። በማደንዘዣ ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ነው። ካህኑ ይርጩላችሁ፤ መጠጣቱ ይቆይ። ማተባችሁም ያስጨንቃችሁ ይሆናል። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የብረት መስቀል አውልቁ ይባላል፤ ክሩ ብቻ ይቅርልኝ ብላችሁ ነርሷን ጠይቁ። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ብቻ ከሆነ ነቅታችሁ ትቆያላችሁና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለማለት ጊዜ አላችሁ።

ሲወጡ ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ይኖራል፤ ሽንቱ ለቀናት ሊቀላ፣ ሊያቃጥልም ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ያወቀ አይደነግጥም። ካንሰሩ የመመለስ ልማድ ስላለው ፊኛውን በካሜራ ማየቱ በየጊዜው ይቀጥላል፤ ለአንዳንዱም ቢሲጂ የሚባለው፣ ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት የምናውቀው፣ ፊኛ ውስጥ ይጨመርለታል።

ለማኅበራችን አባላት ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። ልትጠይቁ ስትሄዱ «የእገሌም እንዲሁ ነበር የጀመረው» የሚለውን ወሬ በር ላይ ትታችሁ ግቡ። ከድሬ ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ለተጻፈለት ሰው በምትችሉት መንገድ ሁሉ ቁሙለት፤ ሳይጠይቅ ቁሙለት፣ ይሉኝታ ይይዘዋልና። ገንዘብ የሌላችሁ ከአስታማሚው ጋር ተራ ያዙ፤ አንዱ ሌሊት ሲያድር ሌላው ጠዋት ይተካው።