ሮም ላይ የት ይበላል? ስለ ከተማዋ ምግብ ቤቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለስብሰባ፣ ለሥራ ወይም ለመንፈሳዊ ጉዞ ወደ ሮም የሚሄዱ ወገኖቻችን ኮሎሲየምንና ቫቲካንን መቼ እንደሚጎበኙ አስቀድመው ያቅዳሉ፤ የት እንደሚበሉ የሚያስቡት ግን ብዙውን ጊዜ ረሃቡ ሲጠናባቸው ነው። ፓስታና ማኪያቶ አገራችን ከገቡ ረጅም ጊዜ ስለሆናቸው የጣሊያንን ምግብ የምናውቀው ይመስለናል። ይህ እምነት ያለአግባብ ገንዘብ ያስወጣል፤ ከዚያም የከፋው፣ ሳያውቁ የማይበሉትን ያስበላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች እያነሣሁ እውነታውን አስረዳለሁ።

«የጣሊያን ምግብ የትም ከተማ ያው ነው»

አይደለም። ላዛኛና በተፈጨ ሥጋ የሚሠራው ራጉ የቦሎኛ ናቸው፤ የፒዛ አገሩ ናፖሊ ነው። ሮም የራሷ የሆኑ አራት ፓስታዎች አሏት። የመጀመሪያው «ካቾ ኤ ፔፔ» ፔኮሪኖ ከሚባለው የበግ ወተት አይብና ከተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ብቻ ይሠራል፤ አብሳዩ ፓስታው ከተቀቀለበት ውኃ ጥቂት ጨልፎ አይቡን ሲያማስለው ወፈር ያለ ነጭ ስጎ ይወጣዋል። በዚህ ላይ «ጓንቻሌ» የሚባለው በጨው የደረቀ የአሳማ ጉንጭ ሲጨመር «ግሪቻ» ይሆናል፤ በግሪቻው ላይ ቲማቲም ሲታከል «አማትሪቻና»፣ በቲማቲሙ ፋንታ እንቁላል ሲገባ ደግሞ «ካርቦናራ» ይባላል። ብዙዎች ካርቦናራ ክሬም ያለበት ይመስላቸዋል፤ ሮማውያን ግን ክሬም አያስገቡበትም፤ ስጎውን የሚያወፍረው አስኳሉና አይቡ ነው። እነዚህን አራቱን በወጉ የሚሠራ ምግብ ቤት የጣሊያንን አውራጃዎች ምግብ ሁሉ በፎቶግራፍ አስደግፎ ከሚዘረዝረው ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

«ሥጋ እስካላዘዝኩ ድረስ አሳማ አያጋጥመኝም»

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ስሕተት ነው፤ አሳማ የማይበላ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ተጓዥ ሮም ላይ ሳያውቅ ሊበላ የሚችለው በሥጋ ሳይሆን በፓስታ ውስጥ ነውና። ከላይ ከጠቀስኳቸው ከአራቱ በሦስቱ ጓንቻሌ አለ። ባቄላ መሳይ ጥራጥሬ ያለበት «ፓስታ ኤ ፋጆሊ» ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በአሳማ ስብ የተቁላላ ነው። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት አስተናጋጁን «ሴንጻ ማያሌ?» ብለው ይጠይቁ፤ «ያለ አሳማ?» ማለት ነው።

ጥያቄ ሳያበዙ በሰላም ለመብላት የሚመች ሰፈርም አለ። የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1555 የሮምን አይሁዶች በአጥር ዘግተው ያኖሩበት የቀድሞው ጌቶ ዛሬ በከተማዋ ከሚታወቁት የምግብ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ በፖርቲኮ ዶታቪያ መንገድ ላይ ባሉት፣ በአይሁድ የምግብ ሕግ በሚሠሩት የኮሸር ምግብ ቤቶች አሳማ ፈጽሞ አይገባም። ነገር ግን በሰፈሩ ያለው ሁሉ ኮሸር አይደለምና በመግቢያው ላይ የተለጠፈውን የምስክር ወረቀት ማየት ያስፈልጋል፤ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታም ሰንበት ስለሆነ ይዘጋሉ። ሐላል የሚፈልግ ደግሞ በፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ ያገኛል።

«በጾም ወቅት ሮም ላይ የሚበላ የለም»

እንዲያውም ሞልቷል። በጌቶው ሰፈር የተወለደው «ካርቾፊ አላ ጁዲያ» በዘይት ብቻ የሚጠበስ አርቲቾክ የተባለ እምቡጥ መሰል አትክልት ነው፤ ሲቀርብ እንደ አበባ ተከፍቶ፣ የውጭ ቅጠሎቹ ከጥርስ ሥር ኩርሽም ይላሉ፣ መካከሉ ግን ለስላሳ ነው። ዋነኛ ወቅቱ ከክረምታቸው መጨረሻ እስከ ጸደይ በመሆኑ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። «ቺኮሪያ ሪፓሳታ» የሚሉት ጎመን መሰል ቅጠል ተቀቅሎ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚያቃጥል ቃሪያ ይጠበሳል፤ ለእኛ አፍ ባዕድ አይደለም። «ማሪናራ» የሚባለው ፒዛም ስሙ ባሕርን ቢያስታውስም ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብም ዓሣም የለውም። በአንጻሩ «ፑንታሬሌ» የተባለው ሰላጣ የሚታሸው በተፈጨ ትንሽ ዓሣ ነው፤ ፌቱቺኔን የመሰለ ትኩስ ፓስታም በእንቁላል ይቦካል። ደረቁ ፓስታ ግን በአብዛኛው የስንዴ ዱቄትና ውኃ ነው። አይብ እንዳይነሰነስብዎ «ሴንጻ ፎርማጆ» ይበሉ።

«ጥሩ ምግብ ቤት ቅርሱ አጠገብ ያለው ነው»

ከፓንቴዮንና ከትሬቪ ፏፏቴ ጎን የተቀመጠ ቤት የሚከፍለው ኪራይ ከባድ ነው፤ ደንበኛውም ነገ የማይመለስ መንገደኛ ስለሆነ ምግቡን ለማሻሻል የሚያስገድደው ነገር ጥቂት ነው። ከዚያ መካከልም ጥሩ ቤት አይጠፋም፤ እኔ ግን የምመክረው ቴስታቾ የሚባለውን ሰፈር ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያን መንገዱም ይቀላል፤ የአክሱም ሐውልት ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ይቆምበት የነበረውን፣ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለውን ፖርታ ካፔና አደባባይ አይተው በምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) አንድ ፌርማታ ብቻ ተጉዘው ፒራሚዴ ጣቢያ ላይ መውረድ ነው፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው።

ቴስታቾ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የሮም ቄራ ነበረበት። ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው ጋር ጭራ፣ ጨጓራና ሌላውን የሆድ ዕቃ ይወስዱ ነበር፤ ከአራቱ የሥጋ ክፍሎች የተረፈ ነውና «አምስተኛው ሩብ» ይሉታል። ሚስቶቻቸውና የሰፈሩ ምግብ ቤቶች ከዚህ ትልቅ ምግብ ፈጠሩ፦ በቲማቲምና በሰለሪ ለሰዓታት የሚበስለው የበሬ ጭራ፣ በናና መሰል ቅጠልና በፔኮሪኖ የሚቀርበው ጨጓራ። ዱለት የሚወድ ሰው ጨጓራው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የበሬው ጭራ ግን አንዳንድ ቤት በአሳማ ስብ ይጀመራልና ያው ጥያቄ ይቅደም። በሰፈሩ ገበያ ውስጥም እንዲህ ያለው ሥጋ በዳቦ ተደርጎ በርካሽ ይሸጣል፤ ገበያው እሑድ ዝግ ነው።

«ሂሳቡ ላይ የተጨመረ ነገር ሁሉ ማጭበርበር ነው»

ሁሉም አይደለም። ሮም ባለችበት በላዚዮ አውራጃ «ኮፔርቶ» የሚባለው የመቀመጫ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሕግ ተከልክሏል፤ የዳቦ ዋጋ ግን በምግብ ዝርዝሩ ላይ እስከተጻፈ ድረስ ሕጋዊ ነው፤ ዳቦውን ካልፈለጉ መመለስ ይቻላል። ቡና ቤት ውስጥ ቆመው የሚጠጡት ማኪያቶ ተቀምጠው ከሚጠጡት መርከሱም ልማዳቸው ነው። ይልቁንስ መጠንቀቅ የሚገባው ዓሣ ሲያዙ ነው፤ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የ100 ግራም ነውና ሳይመዘን «እሺ» አይበሉ። በቁራጭ የሚሸጠው ፒዛም በሚዛን ነው፤ የሚፈልጉትን ያህል በእጅዎ ያሳዩታል፣ ሻጩ በመቀስ ወይም በቢላ ቆርጦ ይመዝናል። ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም።

«በፈለግኩት ሰዓት እበላለሁ»

ብዙዎቹ ማእድ ቤቶች ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይዘጉና ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይከፈታሉ። ቀኑን ሙሉ ትኩስ ምግብ የሚያቀርበው ቤት በአብዛኛው የቱሪስት ቤት ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት አጋማሽ ደግሞ የቤተሰብ የሆኑ ምግብ ቤቶች ለእረፍት ይዘጋሉ።

«የቧንቧ ውኃ አይጠጣም» የሚለውም ልክ አይደለም። በመንገዱ ሁሉ «ናዞኒ» የሚባሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ የተተከሉ ከ2,000 በላይ የብረት ቧንቧዎች ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ በነፃ ያፈሳሉ። ለመጠጣት ጎንበስ ማለት አያስፈልግም፤ የአፉን ጫፍ በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል።