የተነፈገ ሐዘን ምንድን ነው? አራስ ልጁን ያጣ አባት

ሐዘን ደርሶብህ ሰው እንደ ሐዘንተኛ ካልቆጠረህ፣ ያ የተነፈገ ሐዘን ነው። ሐሳቡን በ1989 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ ነው። ሟቹ በሌላው ዓይን "ያን ያህል" ካልሆነ፣ ወይም ሐዘንተኛው "ይችለዋል" ከተባለ፣ አጽናኝ ይጠፋል። አራስ ልጁ የሞተበት አባት ላይ ሁለቱም ይደርሳሉ።

እኛ አገር ብርቅ አይደለም። የ2019 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር ይሞታሉ።

ቀኑን እንየው። እናት አልጋ ላይ ናት። ወረቀት የሚፈርመው፣ ሂሳብ የሚዘጋው፣ በነጠላ የተጠቀለለውን ሕፃን ይዞ ከሁለት ሦስት ዘመድ ጋር ቀብር የሚሄደው እሱ ነው። በመሃል ስልኩ ይጮኻል። "እንኳን ማርያም ማረቻት! ምን ወለደች?" ቤት ደግሞ የገንፎው ዱቄት ተነፍቶ ተቀምጧል። ለየደዋዩ መርዶ የሚነግረውም እሱው ነው።

በብዙ ሰፈር ድንኳን አይተከልም። የመጣው ሰው ጓዳ ገብቶ እሷን ያጽናናል። ሲወጣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ፣ ገና ልጆች ናችሁ፣ እግዜር ሌላ ይሰጣል። እሷን አበርታት" ይለዋል። ክፋት የለበትም። ግን እሱን ማን ያበርታው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ልጅ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ቢሮ ነው። ሐዘኑ ብዙ ጊዜ እንባ ሆኖ አይወጣም። ሥራ ቦታ ማምሸት፣ መጠጥ፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ይሆናል። ሚስት ታየውና "እሱን እኮ ምንም አልመሰለውም" ትላለች። እሱ ግን ፊቷ የማያለቅሰው እንዳይብስባት ብሎ ነው። አንድ ልጅ አጥተው ለየብቻ ያዝናሉ።

እንግሊዝ አገር ኖርዛምፕተን ውስጥ በ2018 እ.ኤ.አ. ሳንድስ ዩናይትድ የሚባል የኳስ ቡድን ተመሠረተ። ተጫዋቾቹ ጨቅላ ልጅ የሞተባቸው አባቶች ናቸው፤ የልጆቻቸው ስም ማሊያው ላይ አለ። በእኔ እይታ ብልህ መላ ነው። "ተቀመጥና ስሜትህን ንገረን" ሲባል የሚሸሽ ወንድ፣ ኳስ ሲባል ይመጣል።

እኛም እሱን ለብቻው "አንተስ እንዴት ነህ?" ማለት እንችላለን። ሕፃኑ ስም ወጥቶለት ከነበረ በስሙ እንጥራው። እንቅልፍ ካጣ፣ መጠጡ ከበዛ ወይም "መኖር አስጠላኝ" ካለ ግን ምክር አይበቃም። አብሮት ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ ነው፤ ያውም ዛሬውኑ።