«ሥራ አጥነት ቀነሰ» ሲባል ለሥራ ፈላጊው ምን ማለት ነው?

ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ የቅጥር ማስታወቂያ እያነበባችሁ፣ ከአጠገባችሁ ሬዲዮ «የሥራ አጥነት ምጣኔ ቀነሰ» ይላል። እሺ፣ ታዲያ ሥራው የታለ?

ነገሩ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መስፈርት፣ ባለፉት 7 ቀናት ቢያንስ 1 ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጠዋት ሲሚንቶ ያወረደ የአካውንቲንግ ምሩቅ ሥራ አጥ አይደለም ማለት ነው! በዚሁ መስፈርት ሰልችቶት መፈለግ የተወ ሰውም ከሥራ አጦቹ ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ ምጣኔው የወረደው ሰው ተስፋ ቆርጦም ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ለመንግሥት ዕቅድ ይጠቅማል። ለእናንተ ግን የሰሌዳው ወረቀት ይሻላል። የሙያችሁን ማስታወቂያዎች ብቻ ለአንድ ወር ደብተር ላይ ያዙ። ማን ቀጠረ? ስንት ሰው? ምን ያህል ልምድ ጠየቀ? ለምሳሌ አካውንታንት ከሆናችሁና አብዛኞቹ ፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሚጠይቁ ከሆነ፣ ሌላ ሰርተፍኬት ከማሳደድ በፊት እሱን መማር ነው።

አንድ ድርጅት ያንኑ መደብ በየወሩ ሲለጥፍ ግን ቶሎ አትፈንድቁ። እየሰፋ ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛ አልበረክት ብሎትም ሊሆን ይችላል። በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሁለተኛው የተለመደ ነው። ከማመልከታችሁ በፊት እዚያ የሠራ ሰው ፈልጋችሁ የተጣራ ደመወዙን፣ ሰርቪስ መኖሩንና የአካባቢውን የቤት ኪራይ ጠይቁ።